ሁለቴ ጠርቶ የሚሞት ስልክ

ስልኬ ከሚሠራው የማይሠራው ስለሚበዛ በሚሠራው ብጀምር ይቀለኛል። ሬዲዮው ይሠራል። መብራቱም ይሠራል፤ ያውም ሳልነካው ነው የሚሠራው። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ባልኩበት ኪሴ ውስጥ ቦግ ይልና ጭኔን ያበራዋል፣ ሰውም አይቶ እንዳላየ እየሆነ ይስቃል። በቃ፣ ጨረስኩ። ሌላው ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። አጎቴ አሻግሬ ሲሰጠኝ ትንሽ የተሰነጠቀ ነበር፤ ከስንጥቁ ቀለም የሚመስል ነገር እየፈሰሰ እየፈሰሰ ሄዶ አምና ክረምት ሙሉውን ዋጠው። ማን እንደደወለ አይታይም፣ መልእክት አይነበብም፣ ስልኩ ራሱ ይብራ ይጥፋ አይታወቅም። 5 ቁጥር አትሠራም። ጆሮ ላይ ለጥፎ የሚሰማበት ነገር ስለተበላሸ የማወራው በላውድ ብቻ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ የኔን ጉዳይ የማታውቅ ድመቷ ብቻ ናት፣ እሷንም እጠረጥራታለሁ። ባትሪው አብጦ ክዳኑ አልገጥም ስላለ በፀጉር ማስያዣዬ ጠፍሬ አስሬዋለሁ። ሲጠፋ ደግሞ ሁሉን ይረሳል፤ ሰዓቱንም፣ የደወለውንም ሰው። እንደገና ሳበራው ገና ዛሬ የተወለደ ነው።

በዚያ ሳምንት ደግሞ አዲስ አመል አምጥቶ ነበር፣ እኔ ግን አላወቅኩበትም። ባትሪው ሲደክም ሁለት ጊዜ ይጠራና ይሞታል።

እንግዲህ በዚህ ስልክ ነበር የሥራ ጥሪ የምጠብቀው።

ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ሠራተኛ ሲመዘግብ ሄጄ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ተመዝግቤያለሁ። ስም፣ እድላዊት። ዕድሜ፣ አሥራ ስምንት፤ መታወቂያዬ ገና ትኩስ ነው። ክፍል፣ አምስት። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ስልክ፣ ይኸው ይሄንኑ ሰጠሁ። ሌላ የለኝማ።

አሠራሩን የነገረችኝ ጎረቤቴ ጋዲሴ ናት፤ ባለፈው ወር እዚያው ገብታለች። ጠዋት ጠዋት ከዝርዝሩ ላይ በተራ ይደውላሉ። የተደወለለት ሰው በዚያው ቀን ከስምንት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ተገኝቶ ማሽን ላይ ይፈተናል። ያላነሳ ታልፎ ወደሚቀጥለው ስም ይኬዳል። «ማንንም ሁለት ቀን አይለምኑም» አለችኝ ጋዲሴ፣ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችውን ስማርት ስልክ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች። እኔም በመጀመሪያ ደሞዜ ያንኑ ልገዛ አስቤያለሁ። ችግሩ፣ ያለ ስልክ ደሞዙ አይመጣም፣ ያለ ደሞዝም ስልኩ አይመጣም። ሲሜን አውጥቼ ሌላ ሰው ስልክ ውስጥ እንዳልከት ደግሞ ማን ስልኩን ቀኑን ሙሉ ያውሰኛል?

አሁን ስለ እናቴ ልናገር፣ ካለሷ ነገሩ አይገባም። እናቴ አስካለማርያም ሳሪስ አቦ ገበያ ጉልት አላት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። እኔና እሷ በስልክ አውርተን አናውቅም ማለት ይቻላል። የምንነጋገረው በሚስኮል ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሸራውን ይዘሽ ነይ» ማለት ነው። ዝም ብሎ ከጠራ ሰው ታሟል ወይ ሞቷል፣ አንሺ። ግቢያችን ውስጥ ሁሉም የየራሱ አለው። የጋዲሴ እናት አንድ ጥሪ ከሰማች ቧንቧ ላይ ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካን ይዛ ትሮጣለች። ስለዚህ እኛ ሰፈር ስልክ ሲጮህ አይነሳም፣ መጀመሪያ ይቆጠራል። ዘሎ የሚያነሳ ሰው ፋራ ነው፤ የሰው ካርድ ያስበላል።

የአንዷ ጥሪ ነገር ደግሞ ይለያል። አባቴ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ስድስት ዓመቴ እያለ አንድ ጠዋት ከቃሊቲ ወጣ፣ ደረስኩ ሳይለን ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሳሪስ እንደወረደች ሽንኩርቷን ከመዘርጋቷ በፊት ትደውልና አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች። አንድ ቀን ዘልላ አታውቅም። እኔ ግን ልደውልላት አልችልም፤ ቁጥሯ ውስጥ 5 ሁለት ቦታ አለች። እሷ ከደወለች በኋላ ብቻ አረንጓዴዋን ቁልፍ ሁለቴ ከተጫንኩ ስልኩ ራሱ ወደ መጨረሻው ደዋይ ይወስደኛል። ያውም በመሃል ካልጠፋ።

የዚያን ማክሰኞ ገና ስነሳ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ሰኞ የኛ ሰፈር ሁለት ልጆች ተደውሎላቸው ሄደዋል፤ ዝርዝሩ ወደኔ እየቀረበ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን የእናቴ አንድ ጥሪ መጣ፤ ደርሳለች። መብራት ከሰኞ ጀምሮ እንደጠፋ ነው። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ አነሳሁት፣ ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት። መብራቱን አብርቼ መሥራቱን አየሁ። መብራቱ ባትሪ እንደሚበላ ትዝ ሲለኝ አጠፋሁት። ልብስ ልጠብ ብዬ ዘፍዝፌ ተውኩት። እጄ ሳሙና ሆኖ ቢደወልስ?

ሦስት ሰዓት ላይ አላስችል ሲለኝ ወደ ሙህሲን ሱቅ ሄድኩ። ሙህሲን መብራት ሲጠፋ የሰፈሩን ስልክ ቻርጅ የሚያደርግባት የመኪና ባትሪ አለችው። የስልጤ ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም፤ ሳይቀልድ ዕቃ አይሸጥም። ስልኬን በሁለት ጣቱ ጅራቱን እንደያዙት አይጥ አንጠልጥሎ አየው።

«እድሌ፣ ይሄ ቻርጅ አይደለም የሚያስፈልገው» አለኝ። «ዱዓ ነው።»

«አንተ ሰካውና ዱዓውን ደርበህ አድርግለት» አልኩት።

ሰካልኝ። ሁለት ሰዓት ተይው፣ እስኪጠግብ ሂጂና ሥራሽን ሥሪ አለኝ። ሥራዬ እሱ መሆኑን አያውቅም። መደርደሪያው ሥር ቆሜ የስኳር ከረጢት ቆጠርኩ፣ ከዚያ ብስኩት ቆጠርኩ፣ ከዚያ ሙህሲንን ጥያቄ በጥያቄ አደረግኩት። ሱቁ ውስጥ ኔትወርክ እንደማይገባ ያስታወስኩት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። አሁን እየደወሉ ቢሆንስ? ነቅዬው ወጣሁ። ሙህሲን ከኋላዬ ገና እኮ አልቀመሰም አለ። ልክ ነበር፤ ስህተቴ ያ ነው፣ አልክደውም። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ይሄን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ቤት ተመልሼ በረንዳ ላይ እንደቆምኩ፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ስልኩ ጠራ። ላነሳው ዘለልኩ። እጄን ግን ያዝኩት፤ እንደ ሰፈራችን ወግ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ዝም አለ።

ሁለት ጥሪ። ሸራ ነው።

ወደ ሳሪስ በኩል ያለውን ሰማይ አየሁ፤ በእውነትም ጥቁር ደመና ተሰብስቧል። ሐምሌ ነው፣ ማን ይጠራጠራል? ሸራው እሁድ ተቀዶ ነበር፤ በወስፌና በሲባጎ ስሰፋው አምሽቼ ሰኞ ጨርሼዋለሁ። አጥፌ በብብቴ ሻጥ አድርጌ ወጣሁ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። መሞቱን አላወቅኩም። በምን ልወቅ? ስክሪኑ ሲኖርም ጥቁር፣ ሲሞትም ጥቁር።

ሳሪስ ስደርስ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላለች። ቲማቲሞቹ ያብረቀርቃሉ። ደመናው ወደ ሌላ ሄዷል፣ ገበያው ደረቅ ነው። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ሳትጠራኝ መጥቼ አላውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጠራሽኝ እኮ። ሁለቴ።»

«እኔ? ጠዋት ደርሻለሁ ካልኩሽ ወዲህ ስልኩን አልነካሁትም።» ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች፤ የሷ ትንሽ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ግን ስክሪን አለው። አሳየችኝ። ከጠዋቱ በኋላ ምንም የለም።

እንግዲያው ማነው? አረንጓዴዋን ሁለቴ ተጫንኩ። ቁልፉ ሁልጊዜ ሲጫኑት ጢጥ ይላል፤ አሁን ጢጥም አላለ። ሌላ ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ያኔ ገባኝ። ጥሪው አልተዘጋም፣ ስልኩ ሞቶ ነው። ደዋዩ ሁለቴ ጠርቶ አላቋረጠም፤ ስልኬ ነው ሁለቴ ጠርቶ ነፍሱ የወጣችው። እኔ ጋ ደውሎ እስኪነሳለት የሚጠብቅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው።

«ፋብሪካው ነው» አልኳት። «እማዬ፣ ፋብሪካው ነው የደወለው። እኔ ሸራ ይዤ መጣሁ።»

አጠገቧ ያለችው ቃሪያ ሻጭ ሳቀች፣ ከዚያ የእናቴን ፊት አይታ ተወችው። እናቴ አልተቆጣችም። አልተቆጣችም ማለቴ፣ ያን ቀን ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ሰዓት ጠየቀች፤ አምስት ተኩል ሆኗል። የታክሲ ብር አስጨብጣኝ፣ ስምንት ሰዓት እስኪሆን በሩ ላይ ድረሺ፣ ስልኩን ትተሽ በእግርሽ መልሺላቸው አለችኝ። ሮጥኩ። ብብቴ ሥር ሸራው እንዳለ የታወቀኝ የቃሊቲ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ታክሲው ተነስቷል።

ከቃሊቲ ወዲያ ያለውን መንገድ እርሱት። አንድ ተሳቢ መንገዱ መሃል ተበላሽቶ ቆሞ መኪናው ሁሉ ተኮልኩሏል። ከቃሊቲ የኮዬ ፈጬን ታክሲ ነው የያዝኩት፣ በቂሊንጦ የሚያልፈውን። ሸራዬ የአንዲት ሴትዮ ጉልበት ላይ አረፈ፣ አነሳሁት፣ የአንድ ሰውዬ ጫማ ላይ አረፈ። ረዳቱ ለሸራው የብቻው ልትከፍይ ነው አለኝ። በመሃሉ ስልኩን አስነሳለሁ። የፀጉር ማስያዣውን ፈትቼ፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ ቀሚሴ ላይ ፈትጌ ፈትጌ ሳሞቀው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። መልሼ ከትቼ ቀዩን ቁልፍ ረዥም ጊዜ ተጭኜ ያዝኩት። ተንቀጠቀጠ። ተነሳ። ወዲያው ደግሞ መብራቱን ቦግ አደረገው፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ በቀን ምን እየፈለግሽ ነው አለኝ። ሥራ፣ አልኩት።

ፋብሪካው በር ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ሰዓቱን የነገረኝ ጥበቃው ነው፤ ሽማግሌ፣ ካፖርቱ ከሱ የሚበልጥ። ዝርዝሩን አይቶ እድላዊት የሚባል የለም አለኝ። ደውለው ያገኙትና እመጣለሁ ያለ ሰው ብቻ ነው የተጻፈው። ከዚያ ሸራዬን አየ።

«ድንኳን ይዘሽ የመጣሽው ልታድሪ ነው?»

«ካላስገቡኝ አዎ፣ አባባ» አልኩት። «እዚችው ጥግ እተክለዋለሁ። ለእርስዎም ቦታ እለቃለሁ።»

በሩን ከፈተልኝና አገጩን ወደ አንዲት ቢሮ አነቀነቀ። ቀጣሪዎቹ የሚቀመጡበት መስኮት የተበሳላት ኮንቴይነር ናት። ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ያቺው ያኔ ክፍል አምስት ስል ቀና ብላ ያየችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ዕፀገነት የሚል ስም ተቀምጧል። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ በእርሳስ ስም ላይ መስመር ታሰምራለች። ከኋላዋ ባለው ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች ተደርድረዋል።

ስሜን ነገርኳት። ዝርዝሩ ላይ ፈልጋ አገኘችኝ። በላዬ ላይ መስመር አለ። አራት ሰዓት ላይ ደውዬልሻለሁ፣ ጠርቶ ጠፋ፣ ደግሜ ስደውል ዝግ ነው አለኝ አለች። እኔም ነገሩን ነገርኳት፣ እንደመጣልኝ፣ ስለ ባትሪውም፣ ስለ ስክሪኑም። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት። የፀጉር ማስያዣዬን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች፣ ለሳቅ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም።

«ስሚ፣ እድላዊት» አለችኝ። «ከዚህ ዝርዝር ግማሹ ዝግ ነው። አሥራ ሁለት ቦታ አለኝ፣ እስካሁን የሞላሁት ዘጠኝ ነው። ልፈትንሽ እችላለሁ። ግን እዚህ ፈረቃ በስልክ ነው የምናሳውቀው። ጠዋት ደውለን ዛሬ ጠዋት ነሽ፣ ዛሬ ከሰዓት ነሽ እንላለን። በዚህ ስልክ እንዴት አገኝሻለሁ?»

«ስትቀጥሩኝ አዲስ እገዛለሁ።»

«ስልክ ስትገዢ ነይ።»

«ሳትቀጥሩኝ በምን ልግዛ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል። እርሳሱን አንስታ ወደሚቀጥለው ስም ልትሄድ ነው። እኔ ግን መስኮቱን አልለቅም ብዬ ቆምኩ።

በዚያ መሃል ስልኬ ጠራ። መስኮቱ ላይ እንዳለ፣ ቆርቆሮው ላይ እየተንጫጫ። አንድ። ሁለት። ቆመ። እጄን አልዘረጋሁም።

«ለምን አታነሺውም?» አለችኝ።

አንዷን ቁልፍ ተጫንኩ። ጢጥ አለ፤ በሕይወት አለ። እንግዲያው አሁን ስልኩ አልሞተም፤ የደወለው ሰው ነው የዘጋው። ቀና ስል በሳሪስ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ነፋሱም ዞሯል።

«እናቴ ናት» አልኳት። «ሳሪስ ዝናብ መጥቶባታል። የጨረስኩ መስሏት ሸራውን ይዘሽ ነይ እያለችኝ ነው።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ሸራውን አየችው፣ ብብቴ ሥር። ሳታነሺ በምን አወቅሽ አለችኝ። ነገርኳት፤ አንድ ምን እንደሆነ፣ ሁለት ምን እንደሆነ። ስነግራት እግሬ ወደ በሩ ሊሄድብኝ ይላል። አሁን ብነሳ እንኳን ቲማቲሙ ታጥቦ፣ እሷም ረጥባ ካለቀች በኋላ ነው የምደርሰው። ብሄድ ሥራውን አጣለሁ፣ ብቆይ እናቴ እዚያ መንገድ መንገዱን እያየች ትበሰብሳለች። አንድ ጥሪ አለን፣ ሁለት ጥሪ አለን። «አልመጣም» የሚል ጥሪ ግን አላበጀንም ነበር። አስፈልጎን አያውቅማ።

ከዚያ በድንገት መላው መጣልኝ።

«እርስዎም እንደሷ ይደውሉልኝ» አልኳት። «ጠዋት ከሆንኩ አንድ ጊዜ አስጠርተው ይዝጉ። ከሰዓት ከሆንኩ ሁለቴ። ሁለት ጥሪ ይችላል፣ አሁን አይተዋል። ካርድም አይፈጅብዎትም። ቆጥሬ እመጣለሁ፤ ስቆጥር ነው ያደግኩት።»

ከኋላዋ ከተደረደሩት ልጆች አንዷ ፍስስ ብላ ሳቀች። ወይዘሮ ዕፀገነት አልሳቀችም። እጇን በመስኮቱ አውጥታ የሸራውን ጫፍ ያዘች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው። ማን ነው የሰፋው አለች። እኔ አልኳት። በምን? በወስፌ።

«ከእናትሽ ጥሪ ጋር እንዳታምታቺው» አለች በመጨረሻ። «እኔ የምደውልበት ሰዓት አይታወቅም። ስልክሽ ከጠራ እኔ ነኝ ብለሽ ነው የምትነሺው። ሌላ ሰው በሚስኮል እንዳይጠራሽ አድርጊ። ተሳስተሽ አንድ ቀን ብትቀሪ ስምሽን አላስታውሰውም።»

እሺ አልኳት። ምን ላይ እሺ እንዳልኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ፈተናው አጭር ነበር። በጨርቅ ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር ሰጥተው በማሽን ተከተዪው አሉኝ። ማሽኑ እንደ ደነገጠ ፈረስ ነው፣ ሲነኩት ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን ጨርቅ ይዞብኝ ጠፋ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ያዝኩት። እግሬ ማሽኑ ላይ ሆኖ ጆሮዬ ጣራው ላይ ነበር፤ ዝናቡ ቂሊንጦም ደርሶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አለፍሽ፣ ሐሙስ ትጀምሪያለሽ ሲሉኝ አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ እንጃ።

ያን ማታ እናቴ ከኔ በኋላ ነው ቤት የገባችው። ነጠላዋ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፣ ጫማዋ ውሃ ይተፋል። ቲማቲሙን በቀሚሷ ከልላ አትርፋዋለች፤ ሽንኩርቱ ግን ጠጥቷል፣ ወለሉ ላይ ዘርግተን በጨርቅ አንድ በአንድ አደረቅነው። እየጠረግን ነገርኳት። ማለፌን ስትሰማ እንደ ልጅ ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሽንኩርቱን እያገላበጠች፣ እኔስ የመኪና ነገር ሆኖብሽ መስሎኝ ነበር አለች። መንገዱን ሳይ ነበር አለች። ከዚያ ነው ሳቅ ያለችው።

የሁለት ጥሪዋን ነገር ቶሎ ተስማማን። ሸራው ከዛሬ ጀምሮ ከሷ ጋር ይውላል፣ እኔ ፋብሪካ ከዋልኩ ማን ያመጣላታል። የቀረችው የጠዋቷ አንድ ጥሪ ነች። እንዴት እንደምጀምረው አላወቅኩም፤ የሚሸጠውን ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ የጠዋቷንም መተው አለብሽ» አልኳት። «አንድ ጥሪ ከሰማሁ ፋብሪካው ነው።»

«እና መድረሴን በምን ታውቂያለሽ?»

«እንደደረስሽ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

«አባትሽንም እንደዚያ ነበር የያዝነው» አለች። ቀና አላለችም። ሌላ ሽንኩርት አነሳች፣ ጠረገችው፣ አስቀመጠችው። ቆይታ፣ እሺ፣ አዲሱን ስልክ እስክትገዢ ነው፣ አንድ ወር ምን አላት አለች። ለኔ ሳይሆን ለሽንኩርቱ የነገረችው ይመስል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ አልጠራም። አሥራ ሁለት ተኩል አለፈ፣ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አንድ ተኩል። ሥራዬ ሐሙስ ስለሆነ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። በረንዳውን ጠረግኩት፣ መልሼ ጠረግኩት። ሙህሲን ሱቅ ሄጄ ባትሪውን እስኪጠግብ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጥኩት፤ ሙህሲን ዛሬ ምነው ተረጋጋሽ አለኝ። ተረጋግቼ አይደለም፤ ሰሚ ጆሮ ብቻ ሆኜ ነው። እናቴ ማታ ስትገባ በሩ ላይ አንገቷን ሳይ ነው የተነፈስኩት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ስለዚያ ምንም አላወራንም፣ ስለ ቃሪያ ዋጋ አወራን።

ሐሙስ እናቴ ሸራዋን ይዛ ወጣች። እኔ ለብሼ፣ ፀጉሬን በስካርፍ አስሬ (ማስያዣዬ ስልኩ ላይ ነው) በሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ስልኩ ጠራ።

አንድ። ቆመ።

ጠዋት ነኝ። ሮጥኩ። የፋብሪካው ሰርቪስ ዋናው መንገድ ላይ ሊነሳ ሲል በሩን መታሁት። ጋዲሴ ውስጥ ነበረች፤ መስኮት ጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። በመንገዱ ሁሉ እግሬን እያንቀጠቀጥኩ አስቸገርኳት፣ ጉልበቴን ይዛ አሁንስ ምን ቀረሽ ገብተሻል አይደል አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እግሬ አልሰማም።

ወይዘሮ ዕፀገነት በሩ ላይ የፈረቃ ወረቀት ይዛ ቆማለች። አየችኝና ሰዓቷን አየች።

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬ ከሰዓት ነሽ። ልደውልልሽ ስል ነው የመጣሽው።»

«አንዴ ደውለውልኝ...»

«አልደወልኩም።»

ወረቀቱን አሳየችኝ። ስሜ ከሰዓት ከሚለው ሥር ነው፣ በእርሳስ፣ አጠገቡ ሁለት ጭረት አለ። ሁለት ጥሪ ማለት ነው። ለራሷ እንዳትረሳ ጽፋዋለች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀድሞ መምጣት አይጎዳም፣ መቅረት ነው እንጂ አለችና ሌላ ስም ወደ መጥራት ሄደች።

በጥበቃው ጎጆ አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ዛሬ ድንኳኑስ አለኝ። እናቴ ጋ ነው አልኩት። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ አስጠርታ የምትዘጋ ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ ስልኩን አወጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም፤ ማክሰኞ የከለከልኩትን ቻርጅ ረቡዕ ሰጥቼዋለሁ። የመጨረሻውን ደዋይ አልረሳውም ማለት ነው። አረንጓዴዋን ቁልፍ ሁለቴ ተጫንኩ።

በላውድ ጠራ፣ ሽማግሌውም እየሰማ። አንድ። ዘጋሁት።

«ማን ነው የማያነሳልሽ?» አለኝ።

«ተነስቷል» አልኩት።

ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ የከሰዓቱ ፈረቃ በስምንት ሰዓት ነው፣ ስድስት ሰዓት ይቀረኛል። ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ተነስቼ የበሩን ጥግ እስከ ጥግ መመላለስ ጀመርኩ። ሽማግሌው አዞርሽኝ፣ ተቀመጪ አለኝ። ስልኩን በእጄ ይዤ ነበር፤ እየተመላለስኩ ሳለ ጠራ። ቆምኩ፣ ቆጠርኩ። አንድ ብቻ ነው።